ዲግሪ ይዞ ጭቃ፦ የአንድ ግድግዳ ታሪክ

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ። ከማታ ጀምሮ ሀዋሳ ላይ ሲጥል ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። ቆርቆሮው እየጮኸ ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነጎድጓድ መሰለኝ። መብራት ሳበራ ከሦስት ወር በፊት በገዛ እጄ የለሰንኩት የሲሚንቶ ልስን፣ የበር ስፋት የሚያህለው፣ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ መሬት ላይ ወድቋል። ከኋላው አያቴ የሠሩት ጭቃ ራቁቱን ቀርቷል፤ እርጥብ፣ ጥቁር፣ ጭዱ የሚታይ።

ባለቤቴ ከአልጋው ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ክፍሉን ለሚመጣው ልጅ ነበር የማዘጋጀው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «ነግሬህ ነበር» ብትል ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«አሸንዳውን አየኸው?»

አላየሁትም። አሸንዳ ከግድግዳ ጋር ምን እንደሚያገናኘውም አላውቅም ነበር።

የተማርኩት ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነው። ዲግሪው «ኢንጂነር» ይለኛል፣ ሰፈሩም እንደዛው ይጠራኛል። እስከ 27 ዓመቴ ድረስ ግን የቧንቧ ጎማ እንኳ ቀይሬ አላውቅም። ከቤት ሆኜ መሥራት ስጀምር ነው ቤቱን ማየት የጀመርኩት፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ፣ የሚንሻፈፈውን በር፣ የላላውን ሶኬት። አንድ በአንድ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ማስተካከል ያዝኩ። ቧንቧው ተሳካ። በሩ በሁለተኛው ሙከራ ተሳካ። ሶኬቱ ላይ ቆጣሪውን ሳላጠፋ ጀምሬ እጄን ነዝሮኝ ተማርኩ። ልቤ ሲያብጥ ጊዜ ግድግዳው ላይ ወጣሁ።

ቪዲዮው ላይ ያለው ግድግዳ ጡብ ነበር። የኛ ጭቃ ነው። የቀን ሥራዬ ሌላ ሰው የጻፈውን አሮጌ ኮድ መጠገን ነው፤ እዚያ አንድ ሕግ አለን፦ ለምን እንደቆመ ሳይገባህ የቆመን ነገር አትንካ። ይህን ሕግ ቤቴ ውስጥ ረሳሁት። ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው «ይህ ግድግዳ ለምን ቆመ?» ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ሩቅ ወሰደኝ።

ቤቱ ከምን ተሠራ?

ሀዋሳ ለከተማ ገና ልጅ ናት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው በሐይቁ ዳር መቆርቆር የጀመረችው። ከዚያ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም ነበረች። መቀመጫው ወደ ሐይቁ ሲዞር የብዙ ሰው ኑሮም አብሮ ዞረ፤ የአያቴም ጭምር። እናቴ በልጅነቷ ከይርጋለም መጥታ እዚሁ አደገች። አያቴ ቤቱን በ1964 ዓ.ም. ሲያሠሩ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጭቃውን ከረገጡት አንዷም እሷ ናት።

በዚህ አካባቢ ከከተማው በፊትም ጥሩ ቤት ነበር። በሲዳማ ደጋ ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ ቤት ይሠራል። ከአርባ ምንጭ በላይ ያሉት ዶርዜዎች ደግሞ በዚሁ ጥበብ የዝሆን ፊት የሚመስል ረጅም ቤት ያቆማሉ። የዶርዜን ቤት ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። ቤቱ ግን አይፈርስም፤ የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱ ትንሽ ያጥራል፣ ኑሮ ይቀጥላል። ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ሲጀመር ረጅም ሆኖ የሚሠራው እያጠረ እንደሚሄድ ስለሚታወቅ ነው። ጥገናው ከመጀመሪያው ቀን የታሰበበት ቤት ነው ማለት ነው።

የአያቴ ቤት ግን የሌላ ታሪክ ልጅ ነው፤ የባህር ዛፍ፣ የጭቃና የቆርቆሮ። ባህር ዛፍ ራሱ ከውጭ የመጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ጥቂት እንደቆየች በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ አለቀ። አፄ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ስለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባህር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ፣ ቢቆረጥም መልሶ የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ተገኘና ከተማዋን አስቀራት። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቆረቆረ ከተማ ሁሉ ማለት ይቻላል በባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ነው የቆመው።

ቆርቆሮውን በብዛት ያመጣው ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በበቅሎና በግመል ሲጫን ውድ የነበረው ዕቃ በፉርጎ መግባት ጀመረ። ቀስ በቀስ የሣር ክዳን ወደ ኋላ ቀረ፤ ቆርቆሮ የደህና ኑሮ ምልክት ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ ባይኖር እንኳ የመሣሪያ ሳጥናችን ይነግረናል። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ጣውላ፣ ኮርኒስ፣ ሲሚንቶ፦ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ሚስማር ከዐረብኛ ነው። የጭቃውን ቤት ቃላት ደግሞ እዩአቸው፦ ምሰሶ፣ ማገር፣ ጭድ፣ ምርግ፣ ልጥ። የኛው ናቸው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ከሱቅ ስገዛ ተማርኳቸው። ሁለተኛዎቹን የማውቃቸው በስም ብቻ ነበር። ልጥ የሚባለው ሚስማር ሳይኖር እንጨት ይታሰርበት የነበረው የዛፍ ልጣጭ መሆኑን ከእናቴ የሰማሁት ዘንድሮ ነው።

ታዲያ ቆርቆሮ ሲመጣ አንድ ሥራ አስቀርቶ ሌላ ሥራ ፈጠረ። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፤ ግን ዝናቡን ቀስ አድርጎ ነው የሚለቀው፣ ጠርዙም ከግድግዳው ራቅ ይላል። ቆርቆሮ ለዓመታት አይቀየርም፤ ግን በጣሪያው ላይ የወረደውን ውሃ በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መስመር ይደፋዋል። ስለዚህ አሸንዳ የግድ ነው። የኛ አሸንዳ በአንድ በኩል ተቀዶ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ በዚያችው ግድግዳ እግር ላይ ሲያፈስ ኖሯል። የእናቴ ጥያቄ የገባኝ ያኔ ነው።

የቀረው ፊዚክስ ነው። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይለቃል፤ በዚህ መሀል ትንሽ ያብጣል፣ ትንሽ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ እርጥበቱንም እንደ ልብ አያሳልፍም። የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ በጥቁር ውሃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ የሚያፈስበት ወንዝ የለውም፤ ወደ ሐይቁ ዝቅ ባሉ ሰፈሮች እርጥበቱ ከመሬትም ይመጣል። እኔ ከፊት በሲሚንቶ ዘጋሁት፣ ከላይ አሸንዳው አጠጣው፣ ከታች መሬቱ አቀበለው። ከልስኑ ጀርባ ያለው ጭቃ ላቆጠ፤ ልስኑ የሚይዘው ነገር አጣና ወደቀ። በሲሚንቶ የተለሰኑ ብዙ የጭቃ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሽቦ ተመትቶባቸው፣ እግራቸው ደርቆ የቆሙ። እኔ ሽቦም አልመታሁ፣ እግሩንም አላደረቅኩ።

ሁለቱ ቤቶች

አያቴ የሠሩት አንድ ቤት አይደለም። ከኋላ፣ ለኪራይ ብለው፣ ትንሽ አነስ ያለ ሁለተኛ ቤት ሠርተው ነበር። እንጨቱ ከአንድ ጭነት፣ ጭቃው ከአንድ ጉድጓድ፣ ዓመቱም አንድ ዓመት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ የቀረው ትርፍ ነው። የኪራይ ዋጋ በሕግ ተቀነሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ፤ «የቀበሌ ቤት» የሚለው ቃል ከዚያ መጣ። በኪራይ ሲማረር ለኖረ ሰው እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። የአያቴ የኋላ ቤትም ሄደ፤ በመሀል አጥር ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናቴ ስትነግረኝ ማንንም አትወቅስም። ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደል፣ ነገ ልቀቅ ብባልስ?» ብሎ አይጠግንም። አስተዳዳሪው ደግሞ ከምትሰበሰበው ትንሽ ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ የለውም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጭቃው ግን ምክንያት አይሰማም። በአጥሩ በዚህ በኩል አያቴና እናቴ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ፣ ጭድ በሚገኝበት ጊዜ፣ ገና ሳይደርስ ግድግዳውን ይመርጉ ነበር። በዚያኛው በኩል ማንም አልመረገም። የኋላው ቤት አንደኛው ማዕዘኑ ሰመጠ፣ በእንጨት ተደገፈ፣ በመጨረሻ እኔ አምስተኛ ክፍል እያለሁ ፈረሰ። የኛ ቆሟል።

ከዚህ በላይ ግልጽ ሙከራ ላብራቶሪ ውስጥም አይገኝ። ያው ጭቃ፣ ያው ዝናብ፤ ልዩነቱ በዓመት አንዴ የሚመጣ እጅ ነው። «የጭቃ ቤት አይበረክትም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን የምጠይቀው «ማን ይመርገው ነበር?» ብዬ ነው።

ዛሬ በዚያ ቦታ የሚከራዩ የብሎኬት ክፍሎች ተደርድረዋል። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ክፍል የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ግድግዳዬ በወደቀ ሰሞን የአጎቴ ልጅ ደውሎ «አፍርሰውና በብሎኬት ሥራው፣ ምን ትለፋለህ?» አለኝ። ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ልጁ ገና ሳይደርስ ይደርሳል ወይ? ገንዘቡስ?

ዲግሪ ይዞ ጭቃ

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ሱሪዬን ሰብስቤ ግቢው ውስጥ ጭቃ ስረግጥ ጎረቤታችን በአጥሩ አይቶኝ ሳቀ። «ምነው ኢንጂነር! ዲግሪ ይዞ ጭቃ?»

ክፋት የለውም፤ ሰውየው እንዲህ ነው። ቃሉ ግን ከሱ ይበልጣል ዕድሜው። በዚህች አገር ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው ለዘመናት ዕቃቸው ተፈልጎ እነሱ ሲናቁ ኖረዋል፤ «ቡዳ» ተብለዋል። በሲዳማም ሸክላ የሚሠሩት ሀዲቾዎች በሠሩት ድስት ሁሉም በልቶ ከነሱ ጋር ለመጋባት ግን እንቢ ይባል ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጅ የሚወጣው ነገሩ ስላለ ነው።

በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት «ተግባረ እድ» ተባለ፤ በግእዝ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ስሙ ክብር አለው። ግን በኔ ጊዜ እንኳ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ መሰናዶ የገባ ይመሰገን ነበር፤ ቴክኒክና ሙያ የደረሰው ይጽናና ነበር። እኔ ከተመሰገኑት ነኝ። ያኔ የተጽናናው የክፍል ጓደኛዬ ዛሬ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ስደውልለት ወረፋ ያስጠብቀኛል፤ ያውም ደስ እያለው።

የእናቴ ዕውቀት ደግሞ ለስድብም አልበቃ። ወንድ «ባለሙያ» ሲባል ቧንቧ ወይም መብራት የሚሠራ ነው። ሴት «ባለሙያ» ስትባል ዶሮ ወጥ የምትሠራ ናት። ግድግዳ የምትመርግ ሴት በሁለቱም ውስጥ የለችም። እኔም ቪዲዮ ፍለጋ ዓለምን ስዞር ከጎኔ የተቀመጠችውን ሴት አንድ ጊዜ አልጠየቅኩም።

ምርግ

መጀመሪያ አሸንዳው። አሮጌውን አውርደን አዲስ ላሜራ አስበየድን፤ ውሃው ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ አደረግን። ከግድግዳው እግር አጠገብ ቦይ ቆፍሬ ጠጠር ሞላሁበት። ሲሚንቶዬን እስከ ደረት ድረስ አንኳኩቼ አወረድኩ፤ ይህ ከመለሰኑ በላይ አሞኛል። ሁለት ቋሚዎች እግራቸውን ምስጥ በልቷቸው ስለነበር በአናጢ አስቀየርን።

ከዚያ አፈር። የግቢያችንን አፈር እናቴ በእጇ አሸት አድርጋ ጣለችው፤ «አሸዋ ነው» አለች። በጋሪ ቀይ አፈር አስመጣን። ከውሃ ጋር አላቁጣ በመዳፎቿ መሀል እንደ ጥፍጥፍ አንከባለለችው፤ ሳይሰነጠቅ ረዘመ። አለፈ። የጤፍ ጭድ ነሰነስንበት፣ ረገጥኩት፣ በላስቲክ ሸፈንኩት። በሳምንቱ ስገልጠው ሽታው ከአጥር ውጪ ደረሰ። ተበላሸ ብዬ ስደነግጥ «ሸተተ ማለት ደረሰ ማለት ነው» አለች። ጭዱ ሲበሰብስ የሚያወጣው ሙጫ መሰል ነገር አፈሩን እንደሚያያይዘው ያነበብኩት በኋላ ነው። እሷ አላነበበችውም።

እንደገና ረገጥኩ። ጠዋት ላይ የሥራ ስብሰባዬ በኢንተርኔት ነው፤ ካሜራ አጥፍቼ፣ እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ፣ «ትናንት ምን ሠራህ?» ሲሉኝ ስለ ዳታቤዝ አወራለሁ። ባለቤቴ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀችብኝ።

እየረገጥኩ እናቴን ጠየቅኳት። «እማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የመረግሽው መቼ ነው?»

«አንተ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ።»

«ለምን ተውሽው?»

ዝም አለች። ጭድ ነሰነሰች። ከዚያ ዓይኗን ከጭቃው ሳታነሳ፣ «አፈርክ እኮ» አለች።

ረስቼው ነበር። ስትለኝ መጣልኝ። ጓደኞቼ ለጥናት ሊመጡ ነው፤ እሷ እጇ እስከ ክርኗ በጭቃና በእበት ተለውሷል፤ እኔ «እማ ዛሬ ተይው፣ ቤቱ ይሸታል፣ የገጠር ቤት ይመስላል» አልኩ። በዓመቱ ቀለም አስቀባች። የሚላላጠውን ቀለም ሌላ ቀለም ሸፈነው። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የባቡሩን፣ የአዋጁን፣ የሲሚንቶውን ታሪክ ሁሉ ስቆፍር ከርሜ በኛ ቤት ጥገናውን ያስቆመው የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ አገኘሁት።

ይቅርታ አልኩ። «ጭቃው እየደረቀ ነው፣ ቶሎ በል» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ምርግ በእጅ እየወረወርን፣ በመዳፍ እየጫንን መታነው። ጎረቤታችን ጥቂት ቆሞ አየና «እንደዛ አይደለም የሚመታው» ብሎ ጫማውን አውልቆ ገባ። ያደገው ገጠር ነው፤ እጁ አልረሳም። ሰው ያሰባስቡበት ከነበረው ደቦ አራት ሰዎች ቀርተን ነበር፤ አራቱም በቃን። ባለቤቴ ቡና አፈላች። የመጀመሪያው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ደነገጥኩ፤ ሁለተኛው የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው ተባልኩ። ሁለተኛው ስስ፣ እበት የተቀላቀለበት ነው። እሱን ለማንም አልሰጠችም። ጉልበቷ ስለሚያማት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከታች እስከምትደርስበት ድረስ ራሷ ለቀለቀችው፤ ከዚያ በላይ እኔ። ዛሬ ግድግዳው ላይ መስመሩ ይታያል፤ ከታች ለስላሳ፣ ከላይ ጎርበጥባጣ።

ልጃችን ታኅሣሥ ላይ ተወለደች። ክፍሉ ደርቆ ጠበቃት።

ገና ሰሞን መስኮቱ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁና እናቴን ጠራኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። «ምንም አይደል፣ ለከርሞ ትመርገዋለህ» ብላ ወደ ሕፃኗ ዞረች። ስልኬን አወጣሁና ቀን መቁጠሪያው ላይ መዘገብኩ፦ ጥቅምት፣ አሸንዳ ማየት። ኅዳር፣ ጭድ መግዛት። ታኅሣሥ፣ ምርግ። ከሥሩ ያለውን «በየዓመቱ ይደገም» የሚለውን ነካሁት። «እስከ መቼ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባዶውን ተውኩት።